ሦስተኛው አንጓ

ግሊቪትሰ ከተማ፣ ምድር ቤት፣ ከማሽኑ ፊት፣
የጥጃ አከርካሪ ይዣለሁ፤ ከቄራ የመጣ በጠዋት።
በጨው ውሃ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንዳይደርቅብኝ ጅማቱ፣
ላዩንም ታቹንም በሙጫ አጽንቼ በየብረቱ፣
ሰባት ተኩል ኒውተን ሜትር እሰጠዋለሁ፤ ይጎነበሳል።
ቀና ይላል። ደግሞ ይጎነበሳል።
ሰጋጅ ይመስላል፤ አማኝ ግን አይደለም፤
ሞተር ነው የሚያሰግደው፤ ሌላ አምላክ የለውም።

መጀመሪያ እንዲሁ፣ እንደ ተፈጠረ፤
እያንዳንዱ አንጓ ከድርሻው አልጎደለ፣ አልጨመረ።
ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደተባለ
አምስቱም እኩል፣ እኩል እንኳ አይደለም፣ እንዳቅሙ ተካፈለ።

ከዚያ መሰርሰሪያዬን አነሣለሁ።
አራት ብሎን፣ ሁለት ዘንግ፣ ታይታኒየም፤
አራተኛውን ከአምስተኛው አስራለሁ፤
ከእንግዲህ በመካከላቸው ወዲያ ወዲህ የለም።
ማሽኑ ምን ተዳው! ዕዳ ዕዳ ነው፤ ቁጥርም ቁጥር፤
የቅድሙን ያህል ጎንበስ በል ይላል፤ ዲግሪ ሳታጓድል ከነበር።
የታሰረው ያልከፈለውን ማን ይከፍላል?
ጎረቤት።
ሦስተኛው አንጓ፣ ብሎን ያልነካው፣ ማንም ያልጠየቀው፣
በራሱ ላይ የሌላው ተጨምሮ ዲስኩን ሲያስጨንቀው
በስክሪኔ ላይ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው ቀይ ሲሆን አያለሁ።
ቁጥሩን እመዘግባለሁ። እጄን እታጠባለሁ። ወደ ቤት እሄዳለሁ።

ዛብዤ ነው የአባቴ ቤት፤ ቀይ ጡብ፣ ጥላሸት የለመደ መስኮት።
ኤርቪን ሃያ ሰባት ዓመት ከሰል ቆፍሯል፣ ስድስት መቶ ሜትር ጠልቆ፣ ቀን በማይነጋበት።
ከስድስት ዓመት በፊት ዶክተር ፕሺቢዋ አራት ብሎን አስገቡለትና
በመሰላል ርግቦቹ ቤት ወጣ፤
አባቴ ቀና ሲል ያየ ጎረቤት ሁሉ ቀና።
ሕመሙ ሄደ አልን፤ ለካስ አልሄደም፤
አንድ ፎቅ ወጥቶ ሊከራይ ነው እንደገና።

ዘንድሮ ዶክተሩ ፎቶውን አብርተው፣ በብዕር ጫፍ ጠቁመው፣
«ይኸኛው ነው» አሉ፤ «ከብረቱ የሚዋሰነው።
ጥፋቱ የብረቱ ይሆናል፤ ወይም የዕድሜ ነው፤
ለይቶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ ግን አልለየሁም።
ዘንጉን አንድ አንጓ ወደ ላይ እናስረዝመው?»
አባቴ ርግብ እንደሚቆጥር ሰው ኮርኒሱን አየ፣ አየ፣
«ከዚያስ በላይ ያለው?» ብሎ ጠየቀ።

ትራም ውስጥ ነገረኝ፣ ያልጠየቅሁትን፤
«ድሮ ጣሪያውን የምንደግፈው በጥድ ነበር። እንጨት ይናገራል፤
ሸክም ሲበዛበት ይንቋቋል፣ ያቃስታል፤
ሰምተን እንሮጣለን።
በኋላ ብረት መጣ። ብረት ኩሩ ነው፤ አያቃስትም።
እርሱ ቆሞ ይቀራል፤ የሚፈርሰው አጠገቡ ነው፤
እንጨቱ ያለበት ጋ።
አንቺ በማሽን ያገኘሽውን
አሎይዚ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ያውቀው ነበር፤
ዲግሪ አልነበረውም እንጂ።»

ሁለቱ ወንድሞቼ ጀርመን ናቸው። ገንዘብ ይልካሉ፤
ጽኑ ናቸው፤ አይጎነበሱም።
ማታ የአባቴን ጫማ የምፈታ እኔ ነኝ፤
ርግቦቹ የበተኑትን ጥሬ ከወለል የምለቅም እኔ።
ወገቤን ይዤ ቀና ስል
ከመሰላሉ ላይ አይቶኝ ሳቀ፤
«ሉድቪካ! ሦስተኛዋ!» አለኝ።
የቱን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን አስነሣሁ።
አዲስ ዘንግ ልከውልናል፤ ትንሽ የሚታጠፍ፣
እንጨት ለመሆን የሚሞክር።
ሰባት ሺህ ጊዜ ከሰገደ በኋላ
ሞተሩን አጥፍቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤
ይንቋቋ እንደሆን።
እስካሁን ድምፅ የለም።