ስንዴ በሮማን

ኖቬምበር በባተ በሁለተኛው ማታ፣
ዝናቡ ለፎጃ ሳይሰጣት ፋታ፣
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከጠባቧ ጎዳና፣
ገባን አሱንታ ቤት፣ ጃንጥላ አጠፍንና።

አራት ነን። ስድስት ዓመት ያልተያየን አራት፦
ሳቪኖ ሾፌሩ፣ መሪ ላይ የሚበላ እራት፤
ፖቲቶ፣ ሦስት ሱቅ ከፍቶ ሦስቱንም የዘጋ፤
ኤዳ፣ ከትሪየስቴ፣ ከነፋሱ አገር እኛ ጋ
በፍቅር ወርዳ የቀረች፣
ፍቅሩ ሄዶ እንኳ ያልሄደች፤
እኔም፣ ከፋርማሲው ባንኮኒ ኋላ
የሰው ሳል ስሰማ የምውል፣ ሳል የሚከተለኝ እንደ ጥላ።

ሳቪኖ ለፖቲቶ ስምንት መቶ ዩሮ አበድሯል።
ሁላችን እናውቃለን። ማንም አያነሳውም። ግን መጥቷል፣
ከጨውና ከዘይቱ መሃል
እንደ አንድ እንግዳ ተቀምጧል።

ጆሮ የመሰለው ፓስታ መጣ፣ ከመራራ ጎመን ጋራ፣
ቃሪያው የሚያቃጥል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከሩቅ የሚጣራ።
በላን። ስለ ቤት ኪራይ አወራን፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣
ስለ ሒሳብ አስተማሪያችን ዊግ። ሳቅንም።
ግን ሳቁ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር፣
እንደ እርጥብ ክብሪት ጫር፣ ጠፋ፣ ጫር።

«ቲራሚሱ አለሽ?» አላት ፖቲቶ፣
ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ አብርቶ።
«የለም» አለች አሱንታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፤ «ዛሬ እንዴት ብዬ? እንዴ!
ዛሬ የሙታን ቀን ነው፤ የሚበላው ስንዴ።»
ኤዳ ሳቀች፦ «ስንዴ? ዶሮ ነን እንዴ?»

መጣ የሸክላ ገበቴ። ውስጡ ንፍሮ፣
ፍሬው ያበጠ፣ ያልፈረሰ፣ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ኖሮ፤
በላዩ ሮማን፣ ክሩ እንደተበጠሰ ጨሌ፣
ለውዝ፣ የቸኮሌት ስባሪ፣ ቀረፋ በየመሃሉ፣
ከዚያም ያ የወይን ጭማቂ፣ እሳት ላይ ውሎ ሲወፍር፣
እንደ ማር የሚጎተት፣ እንደ ቆየ ቂም የሚጠቁር።

ሳቪኖ አንዲት ፍሬ በጥርሱ ያዘ። ቆየ። ማኘክ ረሳ።
«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ፣ «ስንዴ ስጭን፣ ስንዴ ሳነሳ፣
ሠላሳ ቶን ከኋላዬ ቁልቁለቱን ሲገፋኝ፣
አቧራው ከቅንድቤ አልፎ ሕልሜ ውስጥ ሲያስነጥሰኝ፣
አንዲት ፍሬ ጎንበስ ብዬ ቀምሼ አላውቅም።»
ሌላ ጎረሰ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

«አባቴ ይሠራው ነበር» አለ ፖቲቶ፣ ለማንኪያው፣
ለእኛ አይደለም፤ ዓይኑን ከገበቴው ሳይነቅለው።
«በዚህች ሌሊት ካልሲ እንሰቅላለን፣
ሙታን መጥተው ይሞሉታል ተብለን፤
ጠዋት መንደሪን፣ ከረሜላ፣ ስናጠፋ ደግሞ ከሰል።
እሱ ከሞተ ወዲህ ሰቅዬ አላውቅም።
ባዶ ቢሆንስ?»

ከዚያ በማንኪያው ጫፍ፣ አንድ በአንድ፣ እየለቀመ
ሮማኑን ወደ ሳቪኖ በኩል ገፋ። ሳቪኖ አየ። ዝም አለ።
ብድሩ እንዳለ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለ።
ቀዩ ፍሬ ግን ተሻገረ።

ኤዳ ናት የቆጠረችው፦ «ማንኪያው አምስት፣ እኛ አራት!»
አሱንታ በአገጯ በሩን ጠቆመች፣ ዝናቡን፣ ደጁ ወዳለበት።
«ለማን?» ያለ የለም።
እያንዳንዱ የራሱን ሰው አስገባ፣ አስቀመጠ፣ ወንበሩ ግን አልጠበበም።
እኔ እህቴን አስገባሁ። ፀጉሯ እርጥብ ነበር።
ፎጣ ላቀብላት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ይኸኔ የኤዳ ማንኪያ ወለሉ ላይ ጮኸ፤
እጇ ሳታስበው ወደ አምስተኛው ሄደ፣
አነሳው፣ አጎረሳት፣ ከዚያ ነው የደነገጠችው፣
አፏ ሙሉ፣ ዓይኗ ሙሉ፣ የምትተፋበት የላት፣ የምትውጥበት የላት።
«ብዪበት!» አለቻት አሱንታ ከኩሽና፣
«እነሱ እንደሆን አይቸኩሉም፣ ልጄ፤ ሌሊቱ ረጅም ነውና።»

በላችበት። ገበቴው ተገላለጠ።
ዝናቡ አላባራም፤ ወሬው ግን ከሄደበት ተመለሰ።
ከሁላችን ኋላ ኤዳ ቀረች፣ የገበቴውን ጠርዝ
በሌባ ጣቷ ጠርጋ፣ ጣቷን ላሰች፣ ትንሽ አሰበች።
«ለካ ዶሮ ነኝ» አለች።