እስከ ሐሙስ

ሰኞ ነው የወደቀው፣ ስታዲየም በር ላይ፣
ከታክሲ ስወርድ፣ ዓይኔ እሱን ሲያይ።
መስታወቱ ደርቆ እንደተሰነጠቀ ኩሬ፣
አንስቼ ሄድኩኝ ሸረፋ ጋ በሩጫ፣ በወሬ።

ሸረፋ አገላብጦ፣ በጥፍሩ መታ አድርጎ፣
«ስክሪኑ የለም» አለኝ፣ ሳቁን ከእኔ ሸሽጎ።
«ከዱባይ ይመጣል። ሐሙስ ተመለሺ።»
ደረሰኝ ጻፈልኝ፤ «እንዳትጥዪው፣ እሺ?»
ቁጥር አርባ ሰባት፣ ካርቦኑ የፈዘዘ፣
ቅድሚያ ሁለት ሺህ ብር፣ ማኅተሙ የደበዘዘ።

ሐሙስ!
ሦስት ሙሉ ቀን እንዴት ነው የሚኖረው?
ሰው ፊት ለፊት ሲመጣ ዓይኔን የት ልወርውረው?

ሜክሲኮ ሰልፍ ቆምኩ፣ ከሥራ መልስ፣ ማታ፣
አውራ ጣቴ ኪሴ ውስጥ ጨርቅ ሲያሽ፣ ሲመታ።
ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ይገፋል፤
የኪሴ ስፌት ብቻ በጣቴ ሥር ያልፋል።

ድሮ እኮ እስል ነበር።
ስድስት ኪሎ ሳለሁ የደብተሬ ዳር
የመምህራን አፍንጫ፣ የርግብ እግር ነበር።
እናቴ ከመሥሪያ ቤቷ ያገለገለ ወረቀት፣ ጀርባው ንጹሕ የሆነ፣
በፌስታል ታመጣልኝ ነበር።
መቼ ተውኩት? ቀኑን ማን ይመዘግባል?
«አንድ ደቂቃ ልይ» ብዬ አቀረቀርኩ፣
ቀና ስል ሠላሳ አራት ዓመቴ።
በቀን መቶ ቀይ ልብ ለሰው ሥዕል ስሰጥ
የእኔዋ እርሳስ ቀርታ በመሳቢያ ውስጥ።

ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ሁሉም አቀርቅሯል።
ከፊቴ ያለው ሰውዬ ማጅራቱ ይታያል፦
ፀጉር አስተካካይ በስተግራ ያጣመመው መስመር፣
ተገልብጦ የተሰፋ ኮሌታ፣
ከጆሮው ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ፣
ሲተነፍስ ከፍ፣ ዝቅ።
ከስንት ሰው ኋላ ቆሜ ኖሬያለሁ፣
ማጅራት እንዳለው ሳላውቅ!

ቦርሳዬን በረበርኩ፦ ቁልፍ፣ ማስቲካ፣
ክዳኑ የጠፋ እስክሪብቶ፣
የሸረፋ ደረሰኝ።
ገለበጥኩት። ነጭ ነው።

መጀመሪያ እጄ አፈረ፣
ስሙ ጠፍቶበት የድሮ ወዳጁን
እንዳቀፈ ሰው።
ጆሮውን አገዘፍኩት። ትከሻው ተንጋደደ።
ማጅራቱ ግን፣
ማጅራቱ መጣ።

«ሞላ! ሞላ!» አለ ወያላው።
ሰውዬው ገባ፣ ማጅራቱ እኔ ጋ ቀረ።
ወንበር አልደረሰኝም። ደስ አለኝ፤
የደረሰኝ ደረሰኙ ላይ ነበር።

ማክሰኞ፣ በዚያችው ወረቀት፣ በተረፈው ጥግ፣
የባንኩ ጥበቃ ሲያዛጋ።
ረቡዕ፣ ከፖስታ ቤት ቁልቁል፣
ቸርችል ጎዳና ላይ ፍሬን የከዳው ጋሪና
ከኋላው የሚሮጥ ብርቱካን።

ሐሙስ።
ሸረፋ ስልኬን ጨርቅ ላይ አስተኝቶ
እጁን ዘረጋ። «ደረሰኝ።»
አልሰጠሁትም።
«ጠፋ?»
«አልጠፋም።»
«ታዲያ?»
ሰጠሁት። ገለበጠው።
አንድ ዓይኑ ላይ የምትሰካዋን ማጉያ ሰክቶ
ማጅራቱን እንደ ቺፕ መረመረው።
ቆየ።
«ይሄ ሰውዬ» አለ፣ «እኔ ጋ ዕዳ ሳይኖርበት አይቀርም።»

ከዚያ መቀስ አነሳ፣
አርባ ሰባት ቁጥርን ከነጥጓ ቆርጦ ሚስማር ላይ ሰካት
(የጥበቃው ማዛጋት አብሮ ሄደ)፣
የቀረውን መለሰልኝ፣
ከጥራዙም ሦስት ባዶ ቅጠል ገንጥሎ
ሒሳብ ውስጥ አላስገባውም።

ስልኩ ነቃ። የሦስት ቀን ጩኸት ባንዴ ጮኸ፣
ቦርሳዬ ውስጥ እንደ ተገዛች ዶሮ ተወራጨ።
አልዋሽም፣ ለገሃር ሳልደርስ አንዴ አየሁት።
እሺ፣ ሁለቴ።

ሜክሲኮ ሰልፉ ጋ ስደርስ ግን ዝናብ ጀመረ፣
ከፊቴ አንዲት ሴት ፌስታል በራሷ ላይ አሰረች፣
አንድ ጆሮዋ ብቻ ውጪ ቀረ።
ጆሮ ደግሞ
ይከብደኛል።