ሦስተኛው በረኛ

ሦስተኛ በረኛ ነበርኩ፣ ጓንቴ ሳይቆሽሽ ያረጀ፣
ሁለት የጨዋታ ዘመን ወንበር ላይ የፈጀ።
ሥራዬ ቴርሞስ መያዝ፣ መራራ ማቴውን ማቅረብ፣
ከዊልማር ኤቼጋራይ ጎን፣ ከትንፋሹ ቅርብ።
ስለዚህ ፊቱን ሳይሆን እጆቹን ነው የማውቀው፤
ሰው ፊቱን ይገራል፣ እጁን ግን ማን ሊጠብቀው።

ኳስ ይቆጥር ነበር፣ ልምምድ ባለቀ ቁጥር፤
አሥራ ሁለት ካልሞሉ ማንም ከሜዳ አይወጣም ነበር።
አንዷ አጥሩን ዘላ ኡራጓይ ወንዝ ከገባች
ሱሪውን ጠቅልሎ ይወርዳል፣ በሐምሌ ውርጭ፣ የትም ትግባ የት ካለች።
"ኳስ ብድር ናት" ይላል፣ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ፣
"የተበደረ ይመልስ፣ ቆጥሮ።"
የክንፍ ተጫዋቻችን ልብስ አጣቢዋን ዶኛ ኢርማን
ሳይሰላም ቢያልፋት ሁለት ሳምንት አሳረፈው፤
"ሰላምታ የሚነፍግ ኳስም አያቀብልም" ነው ያለው።

ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው የተወው፣
ሥጋ ፋብሪካው ነው ከፊደል የነጠቀው።
ስለዚህ አሰላለፉን፣ ቅዳሜ ማታ ማታ፣
ሚስቱ ኔሊዳ ትጽፋለች፣ መነጽሯን ሰክታ።
እሑድ በልብስ መቀየሪያው በር ላይ ይለጠፋል፤
ፊደሏ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ግንቦት ሦስት ጊዜ አሸነፍን፤ የአንድ ፊደል ጭራ ተንቀጠቀጠ።
ሰኔን ሳንሸነፍ ወጣን፤ መስመሩ ቁልቁል አዘቀጠ።
ሐምሌ ደረጃውን መራን፤ የአጥቂው ስም ግማሹ ቀረ፣
ማንም አልጠየቀ፣ ዊልማርም አልተናገረ።
ፓይሳንዱ ዋንጫ ሲያልም፣ እኛ በሩ ላይ ቆመን
በሽታዋን አነበብን፣ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቆጥረን።

የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ መርሴዴስ ነበር። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።
አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ እሱን ብቻ ስንጠብቅ
ከማደያው ስልክ ወደ ሆስፒታል ደወለ።
ያለውን አልሰማሁም። የስልኩን ሽቦ
ጣቱ እስኪነጣ ድረስ ጠመጠመው፤ ያን ነው ያየሁት።

ረቡዕ ሌሊት አረፈች።
ሐሙስ ቀበርናት።
ዓርብ በአሥር ሰዓት ፊሽካ ነፋ።

እሑድ በሩ ላይ የተለጠፈው የራሱ ጽሑፍ ነበረ፤
እንደ ልጅ ፊደል ትልልቅ፣ ግማሹ ከመስመር የተባረረ።
የአምበሉ ስም ፊደል ጎድሎታል። የእኔም፣ የኤቫሪስቶ፣
"ኤባሪስቶ" ነው የሚለው፣ ‹ቫ›ው በ‹ባ› ተተክቶ።
ማንም አልሳቀም። ያ ቀልደኛው ኦሲሪስ እንኳ
ማስቲካውን ተፍቶ ጫማውን አሰረ፣ ማንንም በነገር ሳይነካ።

ስለ ጎሎቹ አልጽፍም፤ ጋዜጣ ጽፎላቸዋል።
ሁለተኛው ሲገባ ግን
በቀኝ እጁ ሁለት ጣት አወጣ፣ በግራው አንድ።
አማካያችን የስልት ምልክት መስሎት
ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እስኪያልቅም እዚያው ቀረ።
ሁለት ለዜሮ።

ማታ ከተማው ከበሮ ሲደልቅ፣ መኪናው ሁሉ ጥሩንባ፣
ከሰው ትከሻ ወርዶ ጠፋ፤ ባትሪ ይዤ ሜዳው ስገባ
ኳስ ይቆጥራል። አሥራ አንድ። ደግሞ ከመጀመሪያው። አሥራ አንድ።
አጥሩን ዞረን ወረድን፣ በጭቃው፣ በገደሉ መንገድ።

ውሃው ዳር ተቀመጠና፣
"ከመርሴዴስ ስደውል ስንት ለስንት አለችኝ።
በዕድሜዬ ውጤት ዋሽቼ አላውቅም።
ሁለት ለአንድ፣ አሸነፍን አልኳት።
ጎሽ አለች። ተኛች።"

በጨለማው ጣቶቼን አጠፍኩ፦
አንድ ለዜሮ ተሸንፈን፣
ሁለት ለዜሮ አሸንፈን፣
ድምሩ…
ቀድሞኝ ደምሮታል። ጉልበቱ ላይ
ሁለቱ ጣቶች አሁንም እንደተዘረጉ ናቸው፣ አንዷም ለብቻዋ።

ባትሪዬ መሃል ወንዝ ላይ አንድ ነጭ ነገር አገኘ፣
እየተንከባለለ ቁልቁል የሚሄድ።
ጫማዬን ልፈታ ጎንበስ አልኩ።
እጁ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ከባድ፣ እንደ ራሰ መረብ።
"ተዋት" አለ። "ትሂድ።"

ሰኞ በአሥር ሰዓት ፊሽካ ተነፋ።
ሲያልቅ አሥራ አንድ ቆጠረና
"ሞልተዋል" አለ።