ደለል

የድንጋይ መጋዘን ቁልፍ ያዥ ነኝ እኔ፤
በቪያሞንቴስ ዳር፣ ፒልኮማዮ ወንዝ ይፈሳል በጎኔ።
ከጉድጓድ የወጣ፣ እንደ ክንድ ድቡልቡል፣
አለት በየሣጥኑ ተጋድሞ ይውላል።
ጋዝ ፍለጋ መጡ፣ ጋዙን ወሰዱና
ድንጋዩ ቀረልኝ፣ ቁጥር እየጻፍኩኝ ላቆየው ናሙና።

አንዲስ ሲቆለል፣ አለት አለትን ሲያዝል፣
ምድር ጎበጠች፣ እንደ ቀጭን ጣውላ ከሥሩ ስትዝል፤
ከተራራው እግር ሰፊ ሆድ ተከፍቶ
ቻኮ ተባለ ስሙ፣ ሜዳ ይመስላል እሾህ ብቻ ሞልቶ።
ሜዳ አይደለም ግን። ጎድጓዳ ሣህን ነው፣
እስከ አፉ ጠግቦ ጥጋቡ የደበቀው።
ሣህኑን የሠራው የተራራው ሸክም፣
የሚሞላውም እሱ፤ ፍርፋሪው ለዘመን ተቆጥሮ አያልቅም።

አባቴ ዓሣ አጥማጅ፣ የዊንሃየክ ሰው ነው፤
መረቡን በሁለት ዘንግ እንደ መቀስ ከፍቶ ወንዙን የሚያጭደው።
በግንቦት ሳባሎ ሽቅብ ይመጣ ነበር፣ ብር እየመሰለ።
ዘንድሮ ግን የለም።
ወንዙ ታች፣ ሩቅ አገር፣ ጭቃ እንደተሸከመ
በገዛ ጓዙ ላይ ተደናቅፎ ወደቀ፤
አልጋውን ደፈነ፣ ጉሮሮውን አነቀ፣
ጫካ ገብቶ ረግረግ ሆነ፤ ከዚያም ደረቀ።
"ወንዙን ምን ነካብን?" አባቴ ጠየቀኝ።
"ደለል ነው" አልኩት።
"ማን ደለለው?" አለኝ።

ማክሰኞ ዕለት መጣ፣ የጎማ ጫማውን በር ላይ አውልቆ።
ሣጥን ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ከፈትኩለት፣
ከሺህ ስምንት መቶ ሜትር ጥልቀት፦
ቀይ የአሸዋ ድንጋይ፣ ፊቱ ሽብሽብ ያለ፣
ነፋስ ነክቶት ያለፈ ውሃ የመሰለ።
አውራ ጣቱን አኖረ፣ ቆዳው የተሰነጠቀ፣
ገመድ የበላው ጣት። ዝም አለ። ቆይቶ ሣቀ፦
"ውሃ ነበር ይሄ። እስከ ጉልበት። ወዲህ የሚፈስ።"
"አቅጣጫው አይታወቅም" አልኩት፣ አለቃዬ ኤውሎሒዮ እንዳስተማረኝ፤
"መሰርሰሪያው ሲዞር ድንጋዩም ይዞራል፤
ሲወጣ ሰሜኑን ከታች ጥሎት ይመጣል።"
"ከተራራው ነዋ!" አለኝ፤ "ውሃ ሌላ ዘመድ ከየት ያመጣል?"

ሌላውን አልነገርኩትም።
ተራራው አልቆመም፤ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ወደ ምሥራቅ ይገፋል፣
የሞላውን ሣህን ከጠርዙ ያጥፋል፤
የተኛውን አሸዋ ቀስቅሶ ያቆማል።
ከቤታችን ጓሮ፣ ፍየሎቹ የሚወጡት ያ ቀይ ኮረብታ
የጥንት ወንዝ ነው፤ ተኝቶ ተኝቶ፣ የተነሣ ማታ።
ለአባቴ ግን ምን ይረባዋል? ሳባሎ ስምንት ሚሊዮን ዓመት አይጠበቅ።

ጫማውን አጥልቆ ሄደ፤ እግሩ ያራገፈው ጭቃ ደጄ ላይ ቀረ።
አልጠረግኩትም።
መዝገቡን ከፈትኩ። "መግለጫ" ከሚለው ዓምድ ሥር
የኤውሎሒዮ እጅ "ደቃቅ አሸዋ፣ ሽብሽብ፣ አቅጣጫው ያልታወቀ" ብሏል።
ከጎኑ በእርሳስ፣ ቀስ ብዬ ጨመርኩ፦
ወንዝ። እስከ ጉልበት። ከተራራው።