የኋላው ብረት

ቨርሊን ጋራዡ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ፣
ከሞተሯ ሥር ክንዱ ዘይት ተቀብቶ፣
የኋላ እግሯን ከሻንሲ ጋር ያስራል፤
ብሎን በጥርሱ ይዞ ከራሱ ያወራል።

ልቧ ተንተርሷል የላስቲክ ትራስ፤
ምቾቷ ነው ጠንቋ፣ ፍጥነት ሲቀሰቅስ።
የኔብራስካ ኩርባ፣ ነፋስ ሲገፋት፣
ጭራ መቁላት ነበር የሞተሯ ክፋት፤
የፊቱ ወደ ግራ፣ የኋላው ወደ ቀኝ፣
መሪው ቀጥ ብሎ እንኳ መቀመጫው ሲዋኝ።

አርዲስ ከኋላው ናት፣ አርባ ዓመት አብራው፤
ሞተሯ ስትዋልል ክንዷ ነው የሚያስረው፤
አጥብቃ፣ አጥብቃ፣ ጉንጯን ጀርባው ላይ ጥላ፣
«ኧረ ተው!» እያለች፣ ደግሞ ስቃ ኋላ።

እሁድ ማለዳ ላይ ብረቱ ታሰረ፤
ያ የታወቀው ኩርባ እንደገና ተሞከረ።
ቀጥ አለች፣ ሃዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ቀጥ፤
መዋለል የለ፣ የለ መንቀጥቀጥ።

ቨርሊን ኮራ ብሎ መስታወቱን ቢያይ፣
አርዲስ ፖም ትገምጣለች፣ ዓይኗ የሱፍ ማሳ ላይ፤
ሁለት እጇ ነጻ። ወገቡን በረደው።
«ጎበዝ!» ያለችውን ነፋሱ ወሰደው።

ማታ ጋራዥ ገባ፣ መብራቱን አብርቶ፤
አንዷን ብሎን ነካት፣ መፍቻውን አንስቶ፤
ግማሽ ዙር ፈታና፣ መልሶ አጠበቃት።
አርዲስ በሩ ላይ ናት፤
«ነገ እኔ ልንዳት?»