መሐል ያለ ሣጥን

ሐረጎን ስንወጣ፣ መኪናው ሲያቃስት፣
ማጉያውን ታቅፌ፣ ጠቅልዬው በነጠላ፣
«ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ አንዲት ሴት፤
«አርባ ዓመቱ» ብላት ሳቀ ሚኒባሱ በሞላ።

ብረት ነው፤ ከባድ ነው፤ የፋብሪካው ክበብ ሲፈርስ
አባቴ ከዕቃ ግምጃው በሁለት መቶ ብር ያስቀረው፣
ፊቱ ላይ ቁልፍ የለውም፣ የሚጨምር የሚቀንስ፤
አንዴ ካበሩት መጮኽ ነው፤ ሌላ ቋንቋ አያውቅም ሰውየው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ በታች፣ ከልብስ ሰፊዎች ሰፈር፣
ሙሄ አራጋው አለ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ወጥቶ፣
በብየዳ ጢስ መሐል፣ ከሬዲዮ ሬሳ ጋር
ያወራል ለብቻው፣ የሆድ ዕቃቸውን ዘርግቶ።

«ጋሽ ሙሄ፣» አልኩት፣ «እስቲ አንድ ነገር ፍረድልን።
ወንድሜ ነጂብ ‹ይኼ ፕሪአምፕ ምናምን
የነጋዴ ወሬ ነው› ይላል፤ ‹ለብቻው ሣጥን ለምን?
ዛሬ ሁሉን በአንድ ሆድ የያዘ ሞልቷል በየሱቁ፤
አማላጅ የበዛበት ቤት መቼ ይሰማል ሐቁ?›»

ብየዳውን አኖረና በመዳፉ ጢሱን ገፋ፦
«ነጂብ አልተሳሳተም፤ ግን ጥያቄውን አጠፋ።
ማንን ልታሰሚበት ነው፣ ሰዓዳ? እሱን ንገሪኝ አስቀድሞ።
ስልክሽን ከሆነ፣ ስልክ አፈ ሰፊ ነው፣ ይናገራል ቆሞ፤
ማሳነሻ ቁልፍ ብቻ ስጪው፣ ሌላውን ተዪው፤
ስሙን ጮኾ ለሚናገር እንግዳ አስተዋዋቂ ምኑ ነው?
ካሴትም ከሆነ እንደዚያው...»

«የአባቴን ሸክላ ነው፣» አልኩት።

ዝም አለ።
«እንግዲያስ ሌላ ነው። መርፌ አይናገርም፣ ያንሾካሹካል፤
ከፀጉር የቀጠነ ድምፅ ነው፣ በትንፋሽ ይሰበራል።
ማጉያ ደግሞ ጅል ነው፤ የሰጡትን ያገዝፋል፤
ሹክሹክታ ብትሰጪው፣ ቃሉን ጥሎ ጉርምርምታውን ያነሣል።
መሐል አንድ ሰው ያሻል፣ የማይጮኽ፣ ጆሮ ያለው፣
ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውን ጎርናና የሚመልሰው፣
ትንሹን ነገር ሳያቆስል ለትልቁ የሚያቀብለው።»

ይኼኔ ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ።

አባቴ ይማም ሠላሳ ዓመት፣ ከሽመናው ማሽን ሥር፣
ጆሮውን ለክር ገብሮ፣ ሲመለስ የሰው ከንፈር ያይ ነበር።
እኛ እንጮኻለን። እሱ «አትጩኹ፣ ሰምቻለሁ» ይላል፤
አልሰማም። የሰማው ጩኸቱን ነው፤ ቃሉ በር ላይ ይቀራል።
እናቴ ዘምዘም ግን በግራው ጎን ትቀመጥና፣
ዓይኑ እስኪዞር ትጠብቃለች፣ እጇን ጉልበቱ ላይ ታኖርና፣
የአሥር ሰው ጫጫታ በሦስት ቃል አጥባ
ታቀብለዋለች። ይስቃል፣
ቀልዱ ከተረሳ በኋላ፣ ፀሐይ ስትገባ።

ካለፈች ሁለተኛው ክረምት ነው። ቤታችን ድምፅ አላጣም፤
ነጂብ ትልልቅ ስፒከር ገዛ።
አባቴ ምንም አልሰማም።

ይኼን ለሙሄ አልነገርኩትም። «ስንት ነው?» ብቻ አልኩት።
ከመደርደሪያው የብስኩት ቆርቆሮ አወረደ፣ ራሱ የሠራት፣
ክዳኗ ላይ የላም ሥዕል፣ ዓይኗ ቁልፍ የተበሳበት።
«ሦስት ሺህ። የምድር ሽቦዋን አደራ፤
ካላሰርሽላት ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች።»
ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነበረኝ።
«የቀረው ለጁምዓ፣» አለ፣ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

ማታ ኮምቦልቻ፣ መብራቱ ሁለቴ ጠፍቶ ሲረጋ፣
ሽቦዋን ከውኃ ቧንቧው አሰርኩ፤
መርፌውን እንደ ተኛ ሕፃን እጅ ቀስ ብዬ አኖርኩ።
መጀመሪያ የተሰማው አቧራ ነው።
ከዚያ ከበሮ፣ ከሩቅ፣ ከተራራ ማዶ እንደሚመጣ ሠርግ፤
ከዚያ የሰውየው ትንፋሽ፣ ዘፈኑ ሳይጀመር።

ነጂብ ከበሩ ላይ «ያው ነው፣» አለ፣ «ምኑ ተለየ?»
አባቴ መዳፉን ስፒከሩ ላይ ጣለ፤ ቆየ፤
ቆየ።

በግራው ጎን ተቀመጥኩ። ዓይኑ እስኪዞር ጠበቅኩ።

«ዝቅ አድርጊው፣» አለኝ።

ዝቅ አደረግኩት።
የሙሄ አምስት መቶ ብር ገና አልተከፈለም።