ከዝርዝሩ ውጭ

ማታ ተቀምጬ፣ ባለ ካሬ ወረቀት
ዝርዝር አወጣሁኝ እስከ እኩለ ሌሊት፤
ጎረምሳ ላልሆኑ፣ ልጅነት ላለፋቸው፣
አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዕድሜያቸው፣
ከአዳማ ለመጡት ለእህቴ ልጆች
ጀልባ ላይ የሚሆን፣ ልዩ ልዩ ጨዋታዎች።

አንደኛ፦ ወፍ ቆጠራ። ሁለተኛ፦ እንቆቅልሽ።
ሦስተኛ፦ ጉማሬ ቀድሞ ላየ አንድ ማስቲካ።
አራተኛ፦ ዝምታ።
(ይቺ እንኳ ለራሴ ናት፣ ትንሽ እንድረካ።)

ጠዋት አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳ ተሰልፎ
እንደ ጡረተኛ ዘበኛ ክንፉን ወደ ኋላ አጣጥፎ
ሲሸኘን፣ እህቴ ትቆጥራለች፦
ልጅ፣ ጃኬት፣ ውሃ፣ ሙዝ፣ እንደገና ልጅ።
ባሏ ስለ ሞተር ያስረዳል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሚልካ የሕይወት አድን ጃኬቷን «ያወፍረኛል» አለች፤
ታቦር ከኋላዋ ሳይርቅ ሁለት መቶ ፎቶ ተነሣች።
ያፌት ጆሮው ውስጥ ሁለት ነጭ ነገር ሰክቶ
ሐይቁ መሃል ተቀመጠ፣ ሐይቁን ከነነፋሱ ዘግቶ።
ኢዮስያስ፣ ትንሹ፣ እግሩን እያወዛወዘ፣
«መቼ ነው የምንደርሰው?»
«የት?»
እሱም አላወቀው።

«እሺ ልጆች፣ ወፍ ቆጠራ!» አልኩኝ ዝርዝሬን ይዤ።
«ቆጠርን፤ ብዙ ናቸው» አለኝ ያፌት። ቀረሁ ፈዝዤ።
ጉማሬም ቀረ። ማስቲካውን እኔው አኘክሁት።

ከሞተሩ አጠገብ አንድ ልጅ ነበረ፣
ከጉዞው ጅማሬ ቃል ያልተናገረ፤
ቡሪሶ ይባላል፣ የባለጀልባው የሌዳሞ ልጅ፣
የአሥራ ሦስት ዓመት ፊት፣ የሠላሳ ዓመት እጅ።
በተቆረጠ ጀሪካን የገባውን ውሃ እየጨለፈ
የእኛን ቅዳሜ በጎን ዓይኑ እያየ አሳለፈ።

ተስፋ ቆርጬ፣ ለማንም ሳልል፣
«እንቆቅልሽ» አልኩ ወደ ውሃው።
«ምን አውቅልሽ» አለ ከኋላ፣ ድምፁ የልጁ፣ የዚያው።
ያፌት ዞረ። ከአንድ ጆሮው ነቀለ።
የኔን ወዲያው ፈታው፤ «ተራው የኔ ነዋ» አለ፦

«ሲሄድ ይውላል እንጂ ዱካ የለው ከቶ፤
ሰውን በደህና ይተፋል፣ በሆዱ ከትቶ።»

ሚልካ «ደመና» አለች። ኢዮስያስ «ታክሲ»፤ ሳቅን።
ያፌት «አዞ»። አዞማ በደህና አይተፋም። አጣን፣
ተቀምጠንበት!

«ሀገር ስጡኝ» አለ ቡሪሶ።
ሚልካ ዱባይን ሰጠች። ራሱን ነቀነቀ።
ኢዮስያስ አዳማን ለቀቀ፣ ከነቤታችን፣ ቅንጣት ሳይጨነቅ።
ያፌት ለንደንን፣ ማንቸስተርን፣ ሙሉ ሊጉን ጨመረ።
እሱ ግን ውሃ ያሸበሸበው ጣቱን ወደኛ ዘርግቶ፣
«ያቺን» አለ። «ከመሃል፣ ከጥላው ሥር ያለችውን ወንበር።»

ሌዳሞ ከልጁ ወደኛ፣ ከኛ ወደ ልጁ ዓይኑን አመላለሰ።
በዝርዝሬ አራተኛው ዝምታ፣ ሳልጠራው ደረሰ።

ያፌት ተነሣ፤ ጀልባዋ ተንገዳገደች፣ እህቴ ጮኸች፣
እሱ ግን ጀሪካኑን ተቀበለ።
ሌዳሞም ሞተሩን አጥፍቶ፣ «በሉ ቅዘፉ!» አለ።
ኢዮስያስ በቀኝ፣ ሚልካ በግራ፣ ጥፍሯን ረስታ፣
አንዱ ወደፊት፣ አንዷ ወደኋላ፣
ጀልባዋ ባለችበት ዞረች፣ ደግሞ ዞረች፣
ቅጠል እንደምታሳድድ ግልገል።

ቡሪሶ ጥላው ሥር እግሩን ዘርግቶ፣ ሙዝ እየላጠ፦
«እዚህ ሀገር ገብቼ፣
ጥላው ለኔ፣ ፀሐዩ ለናንተ፤
ሙዙ ለኔ፣ ልጣጩ ለናንተ፤
ደግሞ ፎቶ አንሡኝ!»
ሚልካ ሁለት መቶ አንደኛውን አነሣች፣
እሷ የሌለችበትን የመጀመሪያውን።

ዳር ላይ ሌላ ቤተሰብ ቆሞ ይጠብቃል፣
ጃኬት እየተቀባበለ።
ቡሪሶ ከሀገሩ ተነሣ። ጀሪካኑን ከያፌት ተቀበለ።
ያፌት መዳፉን አየ፣ ውሃ የቋጠረውን፤
እስከ መኪናው ድረስ አሳየው፣ ላየውም ላላየውም።
በዝርዝሬ የሙዝ ልጣጭ ጠቀለልኩበት።

ረስቼው፦ ጉማሬው መጥቶ ነበር።
ስንዞር፣ ስንጮህ፣ ጆሮውን ብቅ አድርጎ
ጥቂት ታዘበንና ሰጠመ።
ከኔ በቀር ያየው የለም።
ማስቲካው ደግሞ አልቋል።